ከብት የሌለን ሣር አጫጆች

"ምነው ጠፋችሁ?" ለምትሉን ወዳጆች፦ አልጠፋንም፤ ሣር እያጨድን ነው። ቀልድ መስሏችሁ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ቀልዱ የሚዘልቀው እስከ መሃል ድረስ ብቻ ነው።

ለማያውቁን፣ እኛ ሦስት ነን። ከሲያትል በስተደቡብ ሬንተን በምትባል ከተማ፣ ዳገት ላይ የተሠራች ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አንዳችን ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። አንዳችን ቀን ነርስነት ይማራል፣ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራል። ሦስተኛችን ፀጉር አስተካካይ ነው። አከራያችን የአገራችን ሰው ናቸው፤ "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ኪራዩን ከሰፈሩ ዋጋ ዝቅ ያደረጉልን አንድም የአገር ልጅ ስለሆንን፣ አንድም ውሉ ላይ "የግቢውን ሣር ተከራዮች ያጭዳሉ" የምትል አንዲት መስመር ስላለች ነው። ስንፈርም መስመሯን አይተን ሳቅን። ከሦስታችን ሁለታችን የገጠር ልጆች ነን። ሣር ደግሞ ምን ያስቸግራል? ይታጨዳል፣ ያልቃል!

እንጅባራ ያሉት የአንዳችን እናት ነገሩን በስልክ ሲሰሙ ግን አልሳቁም።

"ሣሩን አጭዳችሁ ለማን ትሰጣላችሁ?"

"ለማንም፣ እማዬ። በርሜል ውስጥ እንጨምረዋለን፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።"

"ከብት የለም እዚያ?"

"እኛ ሰፈር የለም።"

"በግስ?"

"የለም።"

"ፈረስም የለም?" (የአዊ ሰው ፈረስ ሳይጠይቅ ስልክ አይዘጋም።)

"የለም፣ እማዬ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "ታዲያ ማን ይብላው ብለው ነው የሚያበቅሉት?"

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንለትም።

አሁን ስለ ዝናቡ። ሲያትል ዝናባም ናት ሲባል የሰማ የአገራችን ሰው የአዲስ አበባን ሐምሌ ያስባል። አይደለም። በዓመት ድምር ከሄድን አዲስ አበባ ትበልጣለች፦ እሷ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ ሲያትል ደግሞ 1,000 ገደማ። ልዩነቱ አጣጣሉ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ቁጡ ነው፤ ነጎድጓዱንም በረዶውንም ጎርፉንም በጥቂት ወራት አራግፎ፣ መስከረም ሲጠባ ይቅር ይላል። የዚህ አገሩ አይቆጣም፤ አይተውምም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት እንደ ወንፊት ያካፋል። ጠብ ሳይል የማይውልባቸው ቀናት በዓመት 150 ገደማ ናቸው። ጃንጥላ የሚይዝ ሰው እንኳ ብዙም አታዩም፤ ምን ዋጋ አለው ብለው ነው መሰል።

እና ሣሩ ልክ ያበደ እንደሆነ የሚያድገው በዚሁ ወቅት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጥርግ ብሎ ይጠፋል፣ ሣሩም ይተኛል። በሌላ አነጋገር፣ ማጨድ የሚያስፈልገው ሲርስ ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ማጨድ አያስፈልገውም። የጠየቅነው ሰው ሁሉ ግን አንድ ምክር ነበረው፦ "እርጥብ ሣር አትጨዱ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ።" ምክሩ ትክክል ነው። እርጥብ ሣር ይጣበቃል፣ መሬቱ በጎማ ይታረሳል፣ እግር ያንሸራትታል። ግን ደረቁ ቀን ማክሰኞ ሲሆን፣ ማክሰኞ ሦስታችንም ሥራ ላይ ነን። እሑድ እንዳጋጣሚ እቤት ስንሆን ይዘንባል። ሦስት ሳምንት ስትጠብቁ ደግሞ ሣሩ አይጠብቃችሁም። አንድ ሌላ ትክክለኛ ምክር አለ፦ በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ሲሶውን እንጂ ከዚያ በላይ አትቁረጡ ይላል። ሁለቱን ትክክለኛ ምክሮች አንድ ላይ ስትከተሉ ግቢያችሁ ሙጃ ይሆናል።

የመጀመሪያዋን ማሽን ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ከተከመረ አሮጌ ዕቃ መሃል በ40 ዶላር ገዛናት። የቤንዚን ናት። ገመዷን ሦስት ጊዜ ስትስቧት ትነሳለች። እነዚህ ማሽኖች እጀታቸው ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለቻቸው፤ እሷን ከእጀታው ጋር ጨብጣችሁ ካልያዛችሁ ሞተሩ አይሠራም፣ ከለቀቃችኋት ይጠፋል። አሜሪካ ውስጥ ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት፣ ዘንጓ ከተለቀቀች በ3 ሰከንድ ውስጥ ስለቱ መቆም አለበት፤ ደንብ ነው። የስለቱ ጫፍ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ስለሚበር ደንቡ በከንቱ አልወጣም። የእኛዋን ዘንግ ግን የቀድሞው ባለቤት ከእጀታው ጋር በሽቦ ጠፍሮ አስሯታል።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ እሑድ ሦስታችንም ቤት ዋልን። ሣሩ ቁርጭምጭሚት አልፎ ባት ደርሷል። ጋሼ ከሁለት ቀን በፊት ደውለው ጎረቤት ስሞታ እንዳቀረበ ነግረውናል። "ጋሼ፣ ዝናብ እኮ ነው" ስንላቸው "ልጆቼ፣ እዚህ አገር 30 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሲያትል ውስጥ ዝናብ ሰበብ አይሆንም" አሉን። ረፋድ ላይ ሲያባራ ወጣን።

ማሽኗ አምስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ታጓራለች፣ ትታነቃለች። እናዘነብላታለን። ሆዷ ውስጥ የተፈጨው ሣር እንደ ገንፎ ረግቶ ስለቱን አፍኖታል። በእንጨት እንጭረዋለን፣ ገመድ እንስባለን፣ አምስት እርምጃ… ስድስተኛው ላይ ይሁን ሰባተኛው እንጨቱ ተሰበረ። ፀጉር አስተካካያችን እጁን ሰደደ።

ሞተሩ ጠፍቷል ብለን ነበር። አልጠፋም፤ ታንቆ ቆሟል እንጂ። ልዩነቱ ያኔ አልገባንም። ዘንጓ በሽቦ ስለታሰረች የካንዴላው እሳት አልተቋረጠም። ስለቱን አንቆ የያዘው ሣር ሲላቀቅ ስለቱ ዞረ፤ ስለቱ ሲዞር ሞተሩን አዞረ፤ ሞተሩም አንዴ፣ አንዴ ብቻ ተኮሰ።

የቀኝ እጁ ሌባ ጣትና መሃል ጣት። አጥንት አልተነካም፣ ጅማትም ተርፏል። 11 ስፌት። ሐኪሟ "ዕድለኛ ነህ" አለችው። እሱ ምንም አላለም፤ ቶንዶስ የሚይዝበትን እጁን ያያል።

ስድስት ሳምንት አልሠራም። እሱ ያለበት ፀጉር ቤት ደሞዝ የሚባል ነገር የለም፤ ወንበሩን በሳምንት ይከራያል፣ ቢሠራም ባይሠራም ይከፍላል። የወንበሩንና የቤቱን ኪራይ ድርሻውን ሁለታችን ተካፍለን ከፈልን። ይህን የምንጽፈው ደግ ለመባል አይደለም። ሽቦዋን ያሰራት የቀድሞው ባለቤት ነው። ገና በገዛናት ቀን አይተናት "ብልህ ሰው ነበር፣ እጅ አይደክምም" ብለን የሳቅነው ግን እኛ ሁለታችን ነን። እሱ እንዲያውም "ይህቺ ነገር ለምን ታሰረች?" ብሎ ጠይቆ ነበር። መልስ የሰጠው አልነበረም።

ሣሩ ግን የታመመ ሰው ቤት ነው ብሎ አላዘነም። እያደገ ነው። ጋሼ በብርቱካንና በሙዝ ታጅበው ሊጠይቁ መጥተው፣ ከልብ አዝነው፣ ሲወጡ ግቢውን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርገው አይተውት ሄዱ። ሌላ ማሽን መግዛት ግድ ሆነ።

ከመግዛታችን በፊት ትምህርቱን የሰጠን እሱ ራሱ ነው፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ የታሸገ እጁን ትራስ ላይ ሰቅሎ። "እርጥብ ፀጉር በቶንዶስ አይቆረጥም" አለ። "ተጣብቆ ይተኛል፣ ጥርሱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ይህን ለምዶ የሚያውቅ ሰው እንዴት ሣሩ ላይ ረሳው?" (የሚገርመው ቶንዶስ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ ፈረንሳዮች የሣር ማጨጃ ማሽኑንም በዚሁ ስም ይጠሩታል።) "ግድ ካልሆነ ደግሞ" አለ፣ "መጀመሪያ በትልቁ ቁጥር ታነሳለታለህ። ዝቅ የምትለው ከደረቀ በኋላ ነው። ጎፈሬ ይዞ የመጣን ሰው በአንድ ጊዜ ቁጥር አንድ አታስገባበትም።"

መደብር ስንሄድ ይህን ይዘን ሄድን።

መጀመሪያ ልባችን የሄደው ሞተር የሌላት፣ በእጅ የምትገፋው ላይ ነበር። ቤንዚን የለ፣ ጩኸት የለ፣ ዋጋዋም ደህና። የማሽኖቹ ሁሉ እናት እሷ ናት፤ በ1830 (እ.ኤ.አ.) ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ስትራውድ በምትባል የሱፍ ጨርቅ ከተማ፣ የጨርቅ ጠጉር የሚላጨውን የፋብሪካ መሣሪያ አይቶ ነው የፈለሰፋት። እንደ መቀስ ስለምትቆርጥ አጭርና ደረቅ ሣር ላይ አቻ የላትም። ችግሯ ስለቶቿን የሚያዞሩት የራሷ ጎማዎች መሆናቸው ነው። እርጥብ ሣር ላይ ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ጎማ ሲንሸራተት ስለት ይቆማል፤ ረጅሙም ሣር ከሥሯ ጎንበስ ብሎ አሳልፏት ቀና ይላል። ደግሞም ሣር ሲያንቃት ስለቶቿ ተወጥረው ስለሚቆዩ፣ ሲላቀቁ ፈናጥረው ጣት ይይዛሉ። ሞተር የለም ተብሎ እጅ አይሰደድም ማለት ነው።

ሶኬት የሚሰካውን አላየነውም። በራሰ ሣር ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎተተ ስለት የሚያዞር ሰው ጀግና ነው፤ እኛ ጀግንነታችን አልቋል። እንግሊዝ አገር ያለ የአንዳችን የአክስት ልጅ ደግሞ ጎማ የሌለው፣ በነፋስ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ማሽን ፎቶ ልኮልን ነበር። ካርል ዳልማን የሚባል ስዊድናዊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአየር ትራስ የሚሄደውን መርከብ አይቶ የሠራው ነው። ተዳፋት ላይ ወደ ጎን እንደ ልብ ይወዛወዛል አሉ። እኛ የሄድንበት መደብር ግን አልነበረም።

የቀሩት የሚሽከረከር ስለት ያላቸው ናቸው፤ የቤንዚንና የባትሪ። እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ትንሽ ታገሡን፤ ያቺ 40 ዶላር ማሽን ለምን እንደታነቀች የገባን መደብሩ ውስጥ ማሽኖቹን ጎንበስ እያልን ከሥር ስናይ ነውና። ስለቱ ብቻውን አይደለም የሚያጭደው። ጫፉ ወደ ላይ ስለታጠፈ ሲዞር እንደ ማራገቢያ አየር ይስባል፤ አየሩ የተኛውን ሣር ያቆመዋል፣ የተቆረጠውንም ጠርጎ ያስወጣዋል። እርጥብ ሣር ይከብዳል፣ አየሩ አያነሳውም፤ ከላዩ ባለው ክዳን ላይ ይለጠፋል። ክዳኑ ሲደፈን አየር መሄጃ ያጣል። አየር ሲያጣ ሣሩ ይከመራል። ማሽኗ ጉልበት አጥታ አይደለም የታነቀችው፤ መተንፈሻ አጥታ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የተቆረጠው ሣር በየት ይወጣል የሚለው ሆነ። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ሣሩን ውስጡ ይዞ ደጋግሞ ፈጭቶ መሬቱ ላይ መልሶ የሚበትነው ነው። ለደረቅ ሣር ግሩም ነው፣ ለመሬቱም ማዳበሪያ ይሆናል። እርጥብ ሲሆን ግን የገንፎ ፋብሪካ ነው፤ የእኛ አሮጊት እንዲህ ነበረች። ሁለተኛው ከኋላው ከረጢት ያለው ነው፤ የራሰ ሣር ከረጢቱ ሳይሞላ አፉን ይደፍነዋል፣ የሞላ ዕለት ደግሞ እንደ ጤፍ ማዳበሪያ ይከብዳል። ሦስተኛው በጎን በኩል ሰፊ አፍ ኖሮት የቆረጠውን ወዲያው የሚተፋው ነው። ግቢው የተበጠሰ ሣር ይረግፍበታል፣ አያምርም፤ በኋላ በሬክ መሰብሰብ አለበት። እኛ ግን ለውበት አልመጣንም። ብዙዎቹ ማሽኖች ሦስቱንም እንሠራለን ይላሉ፤ እኛ የጎኑን አፍ በእጃችን ለካን። ሰፊው ይሻላል።

ሻጩ ሽማግሌ ነው፤ ስለ ሞተር ጉልበትና ስለ ባትሪ ቮልት ሲያስረዳን ቆየና "ሌላ ጥያቄ አላችሁ?" አለን። አንዱን ብቻ ጠየቅነው፦ "ሲታነቅ እጃችን በየት በኩል ይገባል?" ሰውየው ወደ ታሸገው ጣት አየ። ድምፁ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የነገረን ሁሉ የሻጭ ንግግር አልነበረም።

"እጅ አይገባም" አለ። "ቤንዚን ከሆነ የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ከካንዴላው ታርቁታላችሁ። ስታዘነብሉት የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ዘይትና ቤንዚን ይገባበታል። ባትሪ ከሆነ ቁልፉን ትነቅላላችሁ፣ ባትሪውን ታወጣላችሁ፣ ከዚያ የብረት ቁራጭ ብቻ ነው። ያኔም በእንጨት።" ቤንዚኑ ለረጅም እርጥብ ሣር የተሻለ አቅም እንዳለው አልደበቀንም። የባትሪው ሞተር ሲጨናነቅ ራሱን ያጠፋል፤ እርጥብ ሣር ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ እየዘነበ ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። ግን ቀለል ስለሚል የራሰውን መሬት እምብዛም አያርሰውም። የቤንዚኖቹ መደርደሪያም ቢሆን እየጠበበ ነው፤ ሆንዳ አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን ሣር ማጨጃ ማምረት በ2023 (እ.ኤ.አ.) አቁሟል፣ ካሊፎርኒያም ከ2024 ጀምሮ የሚመረቱ አዳዲሶች እንዳይሸጡ ከልክላለች።

ክርክር ተነሳ። ሻንጣ ጫኙ "ጉልበት ያለው ይሻላል፣ ቤንዚን" አለ። ተማሪው "ቁልፍ ያለው" አለ። ፀጉር አስተካካያችን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ "ቁልፏን ልያት" አለ። ሻጩ ነቅሎ ሰጠው፤ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ፕላስቲክ። በግራ እጁ ገልበጥ አድርጎ አያት፣ ኪሱ ከተታት፣ ማሽኑን ለማስነሳት ሞከረ። ዝም። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ባትሪ፣ በጎን የሚተፋ፣ የኋላ ጎማው በሞተር የሚነዳ (የፊት ጎማ የሚነዳው ዳገት ላይ ፊቱ ቀለል ሲል ይንሸራተታል)፣ ከክዳኑ ላይ የውኃ ጎማ መሰኪያ ያለው። ከ500 ዶላር ትንሽ አለፈ። ጋሼ መጀመሪያ "ሣሩ የእናንተ፣ ማሽኑም የእናንተ" ብለው ነበር፤ በማግስቱ ደውለው ግማሹን ቻሉ። ለምን ሐሳባቸውን እንደለወጡ አልጠየቅንም።

አሁን እንዴት እንደምናጭድ፦ ማለዳ አንነካውም፤ ከሰዓት በኋላ፣ ቢያንስ ጤዛውና ጠብታው ከረገፈ በኋላ እንወጣለን። መጀመሪያ በትልቁ ቁጥር፣ ማሽኑ በሚፈቅደው ከፍታ እናነሳለታለን፤ ዝቅ የምንለው ሦስት አራት ቀን ቆይተን ነው። ማሽኑ በሙሉ ስፋቱ አይጎርስም፤ ግማሹን ቀድሞ በታጨደው ላይ አሳርፈን ግማሹን ብቻ እናስበላዋለን። ተዳፋቱን ወደ ጎን እናቋርጠዋለን እንጂ ሽቅብና ቁልቁል አንሄድም፤ ቁልቁል ያንሸራተተው ሰው እግሩ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ስለቱ ነው። ስለቱን ፀጉር አስተካካያችን ፈትቶ በሞረድ ይስለዋል። የደነዘ ስለት እርጥብ ሣር አይቆርጥም፣ ይቦጭቀዋል፤ በሁለተኛው ቀን ጫፉ ነጥቶ ታዩታላችሁ። ከሳለው በኋላ መሃሉን ምስማር ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ወደ አንዱ ጎን ካዘነበለ ያንን ጎን ትንሽ ይጨምርበታል። ፀጉር ቤት እንኳ እንዲህ ሲጠነቀቅ አላየነውም።

ያም ሆኖ ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ሙከራችን አላማረም። ግቢው እኩሌታ ላይ ባትሪው አለቀ። የታጨደው ግማሽ እንደ ጎበዝ ወታደር፣ ያልታጨደው እንደ ሽፍታ፣ ሌሊቱን ጎን ለጎን አደሩ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አይቶ እጁን አወዛወዘልን። ስሞታው የእሱ ይሁን የሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ሐምሌ ላይ ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ ነሐሴ ላይ ድርቆሽ። እንቁጣጣሽ ዕለት፣ እንጅባራ ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ፣ እኛ ከሐበሻ ሱቅ የገዛነውን የፕላስቲክ ሣር ጎዝጉዘን ቡና አፈላን። እናትየው በቪዲዮ አዩት። "ይሄስ?" አሉ። "ይሄ አይበቅልም፣ እማዬ።" "እንግዲህ ይሻላል" አሉና ሳቁ። ከዚያ ፀጉር አስተካካያችንን ጠርተው ጣቱን ወደ ስልኩ እንዲያስጠጋ አዘዙት። አጠፍ ዘርጋ አደረገላቸው። መሃል ጣቱ እስከ መጨረሻው አይታጠፍም፤ ቶንዶስ ግን ይይዛል።

ጥቅምት ላይ ካፊያው ተመለሰ፣ ሣሩም ነቃ። ባለፈው እሑድ ወጥተን ግቢውን ጨርሰን፣ ማሽኑን አዘንብለን ሆዱን ልንጠርግ ጎንበስ አልን። እንጨት ሦስት ተዘጋጅቷል፣ አንዱ ቢሰበር ብለን። ባትሪው ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

"ቁልፉስ?" አልን።

ፀጉር አስተካካያችን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ ኪሱን መታ መታ አደረገ።